የሆኖሉሉ ፕራይድ፦ የአሜሪካ ሰልፍና የፖሊኔዢያ ድንጋዮች በአንድ ጎዳና

በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ በሃዋይ ዋና ከተማ በሆኖሉሉ «ፕራይድ» የሚባል ትልቅ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና የትራንስጀንደር ሰዎች ሰልፍ ይደረጋል። ዘንባባ፣ ባሕር፣ ባለ ስድስት ቀለም ባንዲራ፣ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን ያጠለቁ ሰልፈኞች። ስለ በዓሉ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ «ከአሜሪካ የመጣ ነገር ነው» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ የደሴቶቹ የጥንት ባህል ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የያዙት ግማሹን ነው። ነጭና ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ ከተገናኙ በኋላ ቀለማቸው ሳይቀላቀል ጥቂት ጎን ለጎን ይፈሳሉ፤ የሆኖሉሉም በዓል እንደዚያ ነው። አንዱ ወንዝ ከኒውዮርክ የመጣው ፕራይድ ሲሆን ሌላው ከዚያ በፊት በደሴቶቹ የነበረው «ማሁ» የሚባለው የፖሊኔዢያ፣ ማለትም የፓስፊክ ደሴቶች ሕዝቦች፣ ልማድ ነው። ሁለቱን ለይቶ ያላወቀ ሰው በጎዳናው ላይ የሚያየውን ግማሽ አይረዳም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕራይድ ራሱ ምንድን ነው?

ቃሉ «ኩራት» ማለት ነው። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፣ ትራንስጀንደር የሆኑ ሰዎችና ደጋፊዎቻቸው በአደባባይ የሚወጡበት ዓመታዊ ሰልፍና በዓል ነው። መነሻው ጁን 28 ቀን 1969 ኒውዮርክ ውስጥ ፖሊስ ስቶንዎል የተባለውን መጠጥ ቤት ሲወርር የተነሳው ግጭት ነው። ልክ በዓመቱ፣ በ1970፣ መታሰቢያ ሰልፍ ተደረገ፤ ያ ሰልፍ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ባንዲራው የመጣው በኋላ ነው፤ ጊልበርት ቤከር በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲሠራው ስምንት ቀለም ነበረው፤ ወደ ስድስት የወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙዎቹ የአሜሪካ ከተሞች በጁን ያከብራሉ፤ ሆኖሉሉ ግን ኦክቶበርን መርጣለች። ኦክቶበር በአሜሪካ የዚሁ፣ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል «ኤልጂቢቲ» የሚባለው ማኅበረሰብ የታሪክ ወር ነው፤ በ11ኛው ቀን ደግሞ ሰዎች ማንነታቸውን በይፋ የሚናገሩበት ዕለት ይታሰባል። ለጎብኚም ይመቻል፤ የኒውዮርክና የሳን ፍራንሲስኮ በዓላት ካለፉ በኋላ ነው የሚውለው። በእኛ ቀን አቆጣጠር ወሩ ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ገደማ ነው። ሰልፉ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ይውላል። ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳውቀው አዘጋጁ፣ የሃዋይ ኤልጂቢቲ ሌጋሲ ፋውንዴሽን ነው። ሰዓቱ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ባለፈው ዓመት መርሐ ግብር ተማምኖ ቲኬት መቁረጥ አያዋጣም።

ማሁ ማለት «ጌይ» ማለት ነው?

አይደለም። ስሕተቱም በብዛት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

በሃዋይ ቋንቋ ማሁ የሚባለው በወንድና በሴት መካከል ያለ፣ የሁለቱንም ጠባይ በአንድነት የያዘ ሰው ነው። «ጌይ» የሚለው ቃል የሚናገረው አንድ ሰው ማንን እንደሚያፈቅር ነው። «ትራንስጀንደር» ደግሞ ሰው ሲወለድ ከተሰጠው ጾታ ወደ ሌላው መሻገሩን ያመለክታል። ማሁ በሁለቱም ሳጥን ውስጥ ልክ አይገባም፤ የሚናገረው በማኅበረሰቡ ውስጥ ስላለ ቦታ ነው። ማሁ በትውፊት የሚታወቁት በፈዋሽነት፣ በዜማና «ሁላ» በሚባለው የሃዋይ ውዝዋዜ መምህርነት፣ የዘር ሐረግን በቃል ይዞ በማስተላለፍ ነው። ዛሬም ሁላ ከሚያስተምሩት መምህራን መካከል ማሁ የሆኑ አሉ።

ተመሳሳይ ልማድ በመላው ፖሊኔዢያ ይገኛል። ታሂቲ ውስጥም ቃሉ ያው ማሁ ነው። በሳሞአ «ፋአፋፊኔ» ይባላል፤ «በሴት አኳኋን» እንደማለት ነው። በቶንጋ «ፋካሌይቲ» የሚል ስም አለው። እነዚህ ሕዝቦች በታንኳ ውቅያኖስ አቋርጠው የተስፋፉ የአንድ ቤተሰብ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ስለዚህ ልማዱ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተራርቀው ባሉ ደሴቶች መገኘቱ አይገርምም። ከማሁ ሌላ «አይካኔ» የሚል ቃልም ነበር። ከእንግሊዛዊው አሳሽ ከካፒቴን ኩክ ጋር በ1778 እና በ1779 ሃዋይ የደረሱ መርከበኞች በማስታወሻቸው ቃሉን የጻፉት ከመሳፍንቱ ጋር የአልጋ ቅርበት ስለነበራቸው ወንዶች ነው። ዛሬ ቃሉ በተራ ንግግር «ወዳጅ» ማለት ነው።

የክርስቲያን ሚስዮናውያን በ1820 ከአሜሪካ ከገቡ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የማሁ ቦታ ተሸረሸረ፤ በኋላም ቃሉ ራሱ በመንገድ ላይ ስድብ ሆነ። ዛሬ ብዙ ወጣቶች በክብር መልሰው ይዘውታል፤ ስድብነቱን ያልረሱ አረጋውያን ግን አሁንም አሉ። ስለዚህ ራሱን ማሁ ብሎ ላልጠራ ሰው ቃሉን አለመጠቀም ይሻላል።

ስለ ቋንቋ ካነሣን አይቀር፣ የሃዋይ ቋንቋ «እሱ» እና «እሷ» የሚል ልዩነት የለውም፤ ለሁለቱም «ኢያ» የሚል አንድ ቃል ይበቃል። በአማርኛ ግን ግሡ ራሱ ጾታ ስለሚይዝ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ያስቸግራል። መውጫው አንቱታ ነው፦ «መጡ»፣ «ተናገሩ»፣ «እሳቸው» ሲባል ጾታ አይነሣም፤ ለመምህርና ለፈዋሽም ከመጀመሪያው የሚገባው አጠራር ይኸው ነው።

በዋይኪኪ ባሕር ዳርቻ ያሉት አራት ድንጋዮች ምንድን ናቸው?

ዋይኪኪ በሚባለው የሆኖሉሉ ሰፈር፣ ሰልፉ በሚያልፍበት በካላካዋ ጎዳና፣ ኩሂዮ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ክፍል፣ ከታዋቂው ዋናተኛና የሰርፍ (በሰሌዳ ማዕበል ላይ የመንሸራተት ስፖርት) አባት ከዱክ ካሃናሞኩ ሐውልት ጥቂት እርምጃ ርቆ በአጥር የተከበቡ አራት ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች አሉ። አብዛኛው ጎብኚ ፎጣውን ይዞ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል።

ትውፊቱ እንዲህ ነው። ከታሂቲ አራት ፈዋሾች ወደ ሃዋይ መጡ፦ ካፓኤማሁ፣ ካሃሎአ፣ ካፑኒ እና ኪኖሂ። ቁመናቸው የወንድ፣ አነጋገራቸውና አኳኋናቸው የሴት ነበር። ዋይኪኪ ላይ ሰፍረው በሽተኞችን በእጃቸው እየዳሰሱ ፈወሱ፤ ዝናቸውም ሆኖሉሉ ባለችበት በኦዋሁ ደሴት ሁሉ ናኘ። የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ ሕዝቡ ከካይሙኪ አካባቢ አራት ግዙፍ ቋጥኞች አምጥቶ ሁለቱን መኖሪያቸው በነበረው ስፍራ፣ ሁለቱን ይታጠቡበት በነበረው ባሕር አጠገብ ተከለ። ፈዋሾቹ ስማቸውንና ኃይላቸውን ለድንጋዮቹ አስተላልፈው ተሰወሩ። በሃዋይ ይህ ኃይል «ማና» ይባላል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የማሁን ታሪክ ጠቅልሎ የያዘ ነው ማለት ይቻላል። ትውፊቱ በጽሑፍ የታተመው በ1907 ሲሆን ጽሑፉ የፈዋሾቹን መካከለኛ ጾታ አልደበቀም። በ1941 ግን በስፍራው የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ሲሠራ ድንጋዮቹ ከሥሩ ተቀበሩ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ተገኝተው በ1963 እንደገና ለሕዝብ እይታ ቆሙ። በአጠገባቸው የተተከለው የመግለጫ ጽሑፍ ስለ ፈውስ ሲናገር «ማሁ» የሚለውን ነገር ግን ዘለለው። ቃሉ በራሱ በመሪያቸው ስም ውስጥ ተጽፎ እያለ ነው እንግዲህ! ካፓኤማሁ ማለት «የማሁ ረድፍ» ነው። ቢሾፕ ሙዚየም በ2022 ስለ ድንጋዮቹ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ፤ በ2023 ደግሞ ከተማው ሙሉውን ታሪክ የሚናገር አዲስ መግለጫ አቆመ።

ስፍራው የተቀደሰ ነው። አጥሩን መሻገር፣ ድንጋይ ላይ መውጣት፣ ፎጣ ማስጣት ነውር ነው። የተፈጥሮ አበባ ማኖር የተለመደ ሲሆን የፕላስቲክ ጉንጉን ግን አይቀመጥም።

ታዲያ ሃዋይ ሁልጊዜ ነፃ ነበረች?

በፍጹም። በ1960ዎቹ ሆኖሉሉ ውስጥ በሴት ልብስ የወጣ ወንድ «ሰው በማታለል» ሊከሰስ ይችል ነበር። በቻይናታውን፣ ሆቴል ስትሪት ላይ «ዘ ግሌድ» በተባለ የምሽት ክበብ የሚሠሩ ማሁ አርቲስቶች ከዚህ ክስ ለማምለጥ «እኔ ወንድ ነኝ» የሚል ባጅ ደረታቸው ላይ ይለጥፉ ነበር። ከማታለል ክስ ያዳናቸው ባጅ በመንገድ ላይ ለደብዳቢዎች ጠቋሚ ሆነባቸው። ሕጉ የተሻረው በ1972 ነው።

የጋብቻው ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነው። በዲሴምበር 1990 ሦስት ጥንዶች ሆኖሉሉ ውስጥ የጋብቻ ፈቃድ ጠይቀው ተከለከሉ፤ በ1991 ክስ መሠረቱ። በሜይ 1993 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላው የጾታ ልዩነት ማድረግ ስለሚመስል መንግሥት ጠንካራ ምክንያት ማቅረብ አለበት አለ። «ተፈቀደ» አላለም፤ መላው አሜሪካ ግን ደነገጠ። ሃዋይ ላይ የተጋባ ጥንድ ወደ ሌላ ግዛት ተመልሶ ዕውቅና ቢጠይቅስ? ኮንግረስ በ1996 ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ብቻ ነው የሚል የፌዴራል ሕግ ያወጣው በዚህ ሥጋት ነው።

በ1998 የሃዋይ መራጮች ሕገ መንግሥቱን አሻሻሉ። ማሻሻያው ራሱ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አልከለከለም፤ የመከልከል ሥልጣንን ለግዛቲቱ ምክር ቤት ሰጠ። የበሩን ቁልፍ ለቤቱ ጠባቂ እንደማስረከብ ነው። ለዚህ ነው ያው ምክር ቤት በኖቬምበር 2013 ሕገ መንግሥቱ ሳይነካ በራሱ ሕግ በሩን የከፈተው። ጋብቻው ከዲሴምበር 2 ቀን 2013 ጀምሮ ሕጋዊ ሆነ። የ1998ቱ አንቀጽ ግን ወረቀቱ ላይ ቀርቶ ነበር፤ መራጮች የሰረዙት በኖቬምበር 2024 ነው።

ሰልፉ በየት ያልፋል? ለምንስ መንገዱ ይዘጋጋል?

የተለመደው መስመር ከአላ ሞአና ፓርክ፣ ማጂክ አይላንድ ከሚባለው ጫፍ ተነስቶ በካላካዋ ጎዳና ዋይኪኪን ሰንጥቆ ካፒዮላኒ ፓርክ ይደርሳል። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳማ መንገድ ነው። ጎዳናው የተሰየመው ታግዶ የነበረውን ሁላ ወደ አደባባይ በመለሰው በንጉሥ ካላካዋ፣ ፓርኩ ደግሞ በባለቤታቸው በንግሥት ካፒዮላኒ ነው። በጎዳናው ዳር ቆሞ ማየት በነፃ ሲሆን ከቡድን ጋር መሰለፍ ግን ቀደም ብሎ መመዝገብ ይፈልጋል።

ዋይኪኪ በአንድ በኩል በባሕር፣ በጀርባው ደግሞ በ1920ዎቹ በተቆፈረው በአላ ዋይ ቦይ ታጥራለች። ቦዩን የሚሻገሩት ድልድዮች ሦስት ብቻ ናቸው፦ አላ ሞአና፣ ካላካዋ እና መካሊ። ሰልፉ ካላካዋን ሲይዝ መኪናው ሁሉ በቀሩት መንገዶች ላይ ይፈስሳል። ሰልፉ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድሞ በመኪና ለመግባት የሞከረ ሰው ብዙ ጊዜ ሰልፉን ከድልድዩ ላይ ሆኖ በወሬ ነው የሚሰማው። አዲሱ የከተማ ባቡር ዋይኪኪ ድረስ አይደርስም። የሚያዋጣው አውቶቡስ ይዞ ከካላካዋ ጀርባ ባለው ኩሂዮ ጎዳና መውረድ ወይም ከአላ ሞአና በእግር መሄድ ነው።

መንገድ ስትጠይቁ «ሰሜን፣ ደቡብ» የሚል መልስ አትጠብቁ። «ማኡካ» ወደ ተራራው፣ «ማካይ» ወደ ባሕሩ፣ «ዳይመንድ ሄድ» ደግሞ በምሥራቅ በኩል ወደሚታየው እሳተ ገሞራ ማለት ነው። «በማኡካ በኩል ቁሙ» ከተባላችሁ ከባሕሩ ተቃራኒ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ነው፤ የሕንፃ ጥላ የሚገኘውም በብዛት በዚያ ነው።

ባንዲራና ሰፊ ጨርቅ ለሚይዝ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ይጠቅማል። የደሴቶቹ የዘወትር ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ሰልፉ ደግሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚጓዝ ነፋሱ ከግራ ጎን ይመታል። በሆቴሎቹ መካከል ባሉ መተላለፊያዎች ሲደርሱ ድንገት ይበረታል። ሰፊ ጨርቅ በሁለት ጫፍ ብቻ ከተያዘ እንደ ሸራ ተነፍቶ ይገለበጣል፤ መሐሉን የሚይዝ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ፊኛ ወደ ሰማይ መልቀቅ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው፤ መጨረሻው ባሕር ውስጥ ስለሆነ።

ከቤት ሆናችሁ በቀጥታ ሥርጭት የምትከታተሉ ከሆነ ልዩነቱ 13 ሰዓት ነው። ሆኖሉሉ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ቅዳሜ ምሽት 5 ሰዓት ነው።

ሙቀቱንስ እንዴት ይችሉታል?

በኦክቶበር ቀን ቀን 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አሳሳቹ ነፋሱ ነው፤ ቆዳ እያቀዘቀዘ ፀሐዩን ያስረሳል። በሰዓት ግማሽ ሊትር ውኃ መጠጣት ደህና መነሻ ነው። በጎዳናውና በሕዝብ ፓርኮች አልኮል ይዞ መጠጣት አይፈቀድም፤ የከተማው ፓርኮችና ባሕር ዳርቻዎች ውስጥ ማጨስም ክልክል ነው።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት በተመለከተ ሃዋይ ኦክሲቤንዞን ወይም ኦክቲኖክሴት ያለበት ቅባት እንዳይሸጥ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ከልክላለች፤ ኮራልን ይጎዳሉ ተብለው ነው። ምትኩ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ሲሆን ችግሩ በጠይም ቆዳ ላይ አመድ የተነፋ ማስመሰሉ ነው። ቀለም የተቀላቀለበትን መርጦ መግዛት ይህን ያስቀራል። ለመላ ሰውነት የሚያስፈልገው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ሰው የዚህን ግማሽ እንኳ አይቀባም። በየ2 ሰዓቱ ይደገማል። ፊታችሁን በቀለም የምትቀቡ ከሆነ ቅባቱ ቀድሞ ይደርቅ፤ ቀለሙ ከሥር ከሆነ ሁለቱም ተያይዘው ይወርዳሉ።

ቀስተ ደመና ሁሉ ፕራይድ ነው?

ሃዋይ ውስጥ አይደለም። የግዛቲቱ የመኪና ታርጋ ራሱ ቀስተ ደመና አለበት፤ ምክንያቱም እውነተኛው ቀስተ ደመና እዚያ የዕለት እንግዳ ነው። ነፋሱ ከተራሮቹ ላይ ካፊያ ያመጣል፣ ከተማው ላይ ግን ፀሐይ አለ። ለማየት ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ መቆም ነው፦ ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኖአ ሸለቆና ተራሮቹ። ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ግን መሬት ላይ ለቆመ ሰው አይታይም፤ በእኩለ ቀን መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በ2000 «ቀስተ ደመና» የሚለውን ከስሙ አውጥቶ ነበር፤ በ2013 መለሰው።

ፎቶ ሲነሣና አበባ ሲሰጥ ምን ይደረግ?

በአደባባይ ሰልፍ ላይ ፎቶ ማንሳት በአሜሪካ ሕግ አይከለከልም። የሰውን ፊት ለይቶ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያስቀጣል፤ በአንድ አገር ያለ ፈቃድ የተለጠፈ የአበሻ ፊት በሌላው አገር ላሉ ቤተሰቦች ጭምር መዘዝ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ወይም ፊቱን መሸፈን ይቀላል።

የአበባው ጉንጉን «ሌይ» ይባላል። አንድ ሜትር ገደማ በሆነ ክር ላይ የሚሰካ ሲሆን ከፕሉሜሪያ አበባ ከተሠራ ሃምሳ ያህል አበባ ይፈጃል። ሲሰጥ አንገት ዘንበል አድርጎ መቀበል ነው፤ እምቢ ማለትና ሰጪው ፊት ማውለቅ ያስቀይማል። አለርጂ ያለበት ሰው ምክንያቱን ተናግሮ በእጁ ሊይዘው ይችላል። ወደ ኋላም ወደ ፊትም በትከሻ ላይ ይውላል እንጂ እንደ ሐብል ደረት ላይ ብቻ አይንጠለጠልም። ለነፍሰ ጡር ሴት ጫፎቹ ያልተቋጠሩ ሌይ ይሰጣል፤ የተዘጋ ቀለበት ለጽንሱ አንገት መልካም አይደለም የሚል እምነት ስላለ። እንዳይጠወልግ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ በቀዝቃዛ ሣጥን ማስቀመጥ ነው፤ መኪና ውስጥ ከተረሳ ግን ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ ይገኛል።

ወደ ዋናው አሜሪካ ይዞ መብረር ይቻላል፤ ኤርፖርት ላይ የእርሻ ተቆጣጣሪዎች ያዩታል፤ የሎሚና የብርቱካን ዘር አበባ ወይም ቅጠል ካለበት ያስቀሩታል። ሲደርቅ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም። ክሩ ተበጥሶ ለብቻ ይወጣል፤ አበባው ብቻ ዛፍ ሥር ይበተናል።